ለፍትሐት የተሰጠ ገንዘብና የግብር ሰብሳቢው ጥያቄ

በሆሣዕና እሑድ፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፣ ምእመናን ዘንባባቸውን እንደያዙ ሳሉ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። ፍትሐቱ የሚደረገው ግን ለሞተ ሰው አይደለም። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት የማድረስ ሥርዐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ከዚህ ዓለም ለሚለዩት ሁሉ አስቀድሞ ይጸለይላቸዋል። ከቆሙት መካከል የትኛው እንደሚጠራ የሚያውቅ የለምና የማንም ስም አይነሣም፤ ስም ስለማይነሣም ወጪውን የሚሸፍን ቤተ ዘመድ አይኖርም።

ከዚያ ሳምንት ውጭ ያለው ፍትሐት ግን ስም አለው። ስም ካለው ቤተሰብ አለው፤ ቤተሰብ ካለው ደግሞ ወጪ አለው። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ በደረሱ ቁጥር ለመገበሪያው፣ ለዘቢቡ፣ ለዕጣኑና ለጧፉ፣ ለካህናቱም የሚሰጥ ነገር መዘጋጀት አለበት። አርባውማ ለብዙ ቤት የዓመት እህል የሚያራግፍ፣ አንዳንዱንም ለዕዳ የሚዳርግ እንደነበረ አረጋውያን ይነግሩናል። በአገር ቤት ይህ ወጪ በሟቹ ቤተሰብ፣ በዕድሩና በአጥቢያው መካከል ያልቃል፤ ሦስተኛ ወገን አይገባበትም። በባሕር ማዶ ግን ሦስተኛ ወገን ገብቶበታል። እርሱም የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ወረቀት ነው። በሜሪላንድ ግዛት ከልጆቿ ጋር የምትኖር አክስቴ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ባለቤቷን በሞት አጣች። አርባው በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት፣ በምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ታሰበ። በጥር ወር ከሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በፖስታ የደረሰኝ ወረቀት መጣላት። የሰጠችው ገንዘብ ልክ ተጽፎበታል፤ ከግርጌው ግን በእንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ልጇ ሲተረጉምላት እንዲህ ሆነ፦ ለዚህ ስጦታ ምላሽ፣ ከማይጨበጥ መንፈሳዊ ጥቅም በቀር፣ ምንም ዓይነት ዕቃ ወይም አገልግሎት አልተሰጠም።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ቅዳሴው ተቀድሷል፣ ፍትሐቱ ደርሷል፣ የባሏ የክርስትና ስም ሲጠራ በጆሮዋ ሰምታለች። ታዲያ ምንም አገልግሎት አልተሰጠም ብሎ የፈረመው ማን ነው? «የማይጨበጥ» የሚለውም ቃል ቅር አሰኛት። በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደችና «አባቴ፣ የባለቤቴ ፍትሐት አልተደረገም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። ካህኑም ወረቀቱን አንብበው «አይደለም፤ ጸሎቱን አልሸጥንላችሁም ማለት ነው» ብለው መለሱላት።

ይህ መልስ በስልክ ሲነገረኝ ካህኑ ነገሩን ለማቅለል ያሉት መስሎኝ ነበር። ሕጉን ከታሪኩ ጋር ስመለከተው ግን መልሳቸው የሕጉን ልብ የነካ ሆኖ አገኘሁት። ለዚህ በዓል ዕትምም ለአንባቢያን ላቀርበው ወደድሁ፤ በዚህ ዘመን አንድ ልጅ ወይም አንድ እኅት በአሜሪካ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና።

አሜሪካ የገቢ ግብርን አሁን ባለው መልኩ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። በ1917 አገሪቱ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ተቀላቅላ ግብሩን እጅግ ከፍ ስታደርግ፣ ባለጸጎች ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሆስፒታሎች የሚሰጡትን እንዳያቋርጡ በመሥጋት፣ ለእነዚህ የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማስተካከል ያሻል። «ይቀነሳል» ማለት መንግሥት ገንዘቡን ይመልሳል ማለት አይደለም። አንድ ሰው 100 ዶላር ቢሰጥና የግብሩ ልክ ከመቶ 12 ቢሆን፣ የሚቀርለት ግብር 12 ዶላር ነው፤ 88ቱ የራሱ ስጦታ ሆኖ ይቀራል።

ሕጉ «ስጦታ» ሲል ግን ጥያቄ ወዲያው ተከተለ። ስጦታ ምንድር ነው? ሰጭው በምላሹ አንድ ነገር ካገኘ ስጦታ መሆኑ ይቀራል ወይ? በ1919 የግብር መሥሪያ ቤቱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመቀመጫ የሚከፈለውን ኪራይና ለአባልነት የሚዋጣውን መዋጮ እንደ ስጦታ ተቀበለ። ካቶሊካውያን ለሙታን መታሰቢያ ቅዳሴ እንዲቀደስላቸው ለሚሰጡት መባም በሩ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሌሎች ቤተ እምነቶችም ልማዳቸውን ይዘው ቀጠሉ። ለብዙ ዘመን የጎረበጠው ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተፈተነው ፈጽሞ ባልታሰበ ወገን ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ የተነሣው የሳይንቶሎጂ ቤተ እምነት አባላቱን «ኦዲቲንግ» በሚባል የአንድ ለአንድ ጉባኤ ያሳልፋቸዋል፤ ለዚህም በሰዓት የተመደበ ቁርጥ ዋጋ ነበረው። አባላቱ ክፍያውን ከግብር ለመቀነስ ጠየቁ፣ መሥሪያ ቤቱ ከለከለ፣ ክርክሩም ኸርናንዴዝ በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 5 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ ለ2 በአባላቱ ላይ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ሰጭው በልቡ ያሰበውን መርምሮ ማወቅ ስለማይቻል የሚታየው ከውጭ ያለው ነው አሉ፤ ዋጋው በዝርዝር ተተምኗል፣ እንደ ጉባኤው ርዝመት ይጨምራል፣ ክፍያው ይቀድማል፣ አገልግሎቱ ካልተሰጠ ገንዘቡ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ግብይት ነው እንጂ ስጦታ አይባልም።

ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተለየው ሐሳብ ነው። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር፣ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያን ይዘው፣ ከብዙኃኑ ተለዩ። ክርክራቸው በአጭሩ ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያኑ 100 ዶላር ሰጥቶ ምሳ ቢበላ የምሳውን ዋጋ ገበያ ያውቀዋል፤ ከመቶው ላይ ማንሣት ይቻላል። ካቶሊካዊው ለሙታኑ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ያገኘውን ግን በምን ሚዛን ይለኩታል? ገበያ የለውም። መንግሥት ዋጋ ሊተምንለት ከሞከረ ሃይማኖትን መመርመሩ ነው። ዋጋ የለውም ካለ ደግሞ ለአንዱ የፈቀደውን ለሌላው ሊከለክል አይገባውም። ብዙኃኑ ዳኞች ለዚህ ሲመልሱ ስለ ሌሎቹ ቤተ እምነቶች ልማድ በመዝገቡ የቀረበ በቂ ማስረጃ የለም ብለው በይደር ተዉት። በእርግጥም የሚያሸሽ መልስ ነበር።

ልብ ያለው አንባቢ ይህ ክርክር ለቤተ ክርስቲያን አዲስ እንዳልሆነ ይረዳል። ሲሞን መሠሪ ለሐዋርያት ገንዘብ አቅርቦ የመንፈስ ቅዱስን ሀብት ሊገዛ በመጠየቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ የደረሰበት ተግሣጽ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈ ነው። መንፈሳዊ ሀብትን መሸጥና መግዛት እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊካውያን ቀኖና ለቅዳሴ በሚሰጠው መባ ላይ ንግድ ቀርቶ የንግድ መልክ እንኳ እንዳይታይበት ያዛል። በእኛም ዘንድ ለካህኑ የሚሰጠው መተዳደሪያው ነው እንጂ የጸሎቱ ዋጋ አይደለም ሲባል የኖረ ነው። አባቶች ከሥነ ምግባር አንጻር የጠበቁትን ድንበር የግብር ሕግ ከሒሳብ አንጻር መጥቶ አገኘው ማለት ይቻላል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነውና፤ ይህ ገንዘብ ዋጋ ነው ወይስ መባ?

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1993 ባወጣው የበጀት ሕግ ጥያቄውን በራሱ መንገድ ቋጨው። ሕጉ ከ1994 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ሲውል፣ ለአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከተቀባዩ ድርጅት የጽሑፍ ማረጋገጫ ካላገኘ በቀር ሊቀንስ አይችልም ተባለ። ማረጋገጫው በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ተሰጥቶ እንደሆነ መግለጽ አለበት። የተገኘው ምላሽ በሃይማኖት ሥርዐት ውስጥ ብቻ የሚገኝና በገበያ የማይሸጥ መንፈሳዊ ነገር ብቻ ከሆነ ግን ዋጋ አይተመንለትም፤ እንዲህ ያለ ነው ብሎ መጥቀስ ብቻ ይበቃል። እነሆ አክስቴን ያስደነገጣት ዐረፍተ ነገር ከዚህ የተቀዳ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ባዘጋጀው መግለጫ፣ በሥርዐቱ ላይ የሚቀርበው ጥቂት ወይን እንኳ ከዚያው ጋር ተቆጥሮ ዋጋ አይወጣለትም። ስለ ዘቢቡና ስለ መገበሪያው የሚጨነቅ ቢኖር እዚህ ላይ ያርፋል።

በዚያው በ1993 የግብር መሥሪያ ቤቱና የሳይንቶሎጂ ድርጅት ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላ ተስማሙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከለከለው ክፍያም ለአባላቱ ተፈቀደ። ይህን ያየ አንድ የአይሁድ ቤተሰብ ለልጆቹ የሃይማኖት ትምህርት የሚከፍለውን ለመቀነስ ሁለት ጊዜ ተሟገተ፤ በምዕራቡ ክፍል ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2002ም በ2008ም አልተቀበለውም። የትምህርት ክፍያ ሃይማኖታዊም ቢሆን ዋጋው በገበያ ይታወቃል የሚል ነው ምክንያቱ። እንግዲህ መለያው ሃይማኖታዊ መሆን አለመሆኑ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ አክስቴ ቤት እንመለስ። ለአርባው የወጣው ገንዘብ አንድ ተዝካር ይባል እንጂ አምስት አቅጣጫ ሄዷል።

ከሁሉ የሚበልጠው 700 ዶላር በቼክ ለቤተ ክርስቲያኑ ለቅዳሴውና ለፍትሐቱ የተሰጠው ነው። ደረሰኙ የመጣው ለዚህ ነውና በሕጉ ፊት ስጦታ ነው። 350 ዶላር ለአዳራሹና ለማእድ ቤቱ ተከፍሏል። ይህም የገባው ለዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አዳራሽ ግን በማንኛውም መንደር የሚከራይ፣ ዋጋው የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ስጦታ አይሆንም። ልጇ መጀመሪያ ሁለቱን ደምሮ 1,050 ሊጽፍ አስቦ ነበር። የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ያዥ ለይተው ባይጽፉ ኖሮ ምናልባት ሳያውቅ ስሕተት ይሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ክፍያ ተቀብላ ከፊሉን በምግብ ብትመልስ ደግሞ የምግቡ ግምት ተነሥቶ ትርፉ ብቻ ይቀነሳል፤ ክፍያው ከ75 ዶላር የበለጠ ከሆነ ግምቱን ጽፋ የመስጠት ግዴታ ያለባት ቤተ ክርስቲያኗ ናት።

ሦስተኛው 200 ዶላር ነው። ከተዝካሩ በኋላ በፖስታ ታሽጎ በእጃቸው ለካህኑ ተሰጥቷል። በእኛ ባህል ከሁሉ የሚከብረው ይኸኛው ነው፤ እጅ ተነሥቶ፣ መስቀል ተሳልሞ ይሰጣልና። በሕጉ ዘንድ ግን ካህኑ እንደ ፈቀዱ የሚያወጡት ገንዘብ ለግለሰብ የተሰጠ ስለሆነ ከሰጭው ግብር አይቀነስም። ከዚህም ሌላ ለቀብር፣ ለጥምቀት፣ ለጋብቻና ለቅዳሴ በእጃቸው የሚገባው ለካህኑ ገቢ ነውና እርሳቸው ግብር ይከፍሉበታል። ለቤተ ክርስቲያኑ ተሰጥቶ ቢሆን ይህ አይደርስባቸውም ነበር። ይህን የማያውቁ ምእመናንም ካህናትም ጥቂት አይደሉም፤ ባለማወቅ የሚመጣ ጭንቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በካህኑ ላይ ነው።

አራተኛው 500 ዶላር ወደ ቡልጋ፣ ሟቹ ክርስትና ወደተነሡበት ደብር ተልኳል። በዚያ የአጥቢያው ካህናት ፍትሐት አድርሰው፣ ድኾች በልተዋል። አክስቴ ከሁሉ ይልቅ ልቧ ያረፈው በዚህ ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን ስጦታው በአሜሪካ ለተቋቋመ ድርጅት እንዲሆን ይጠይቃል፤ በስምምነት የተለዩት ካናዳ፣ ሜክሲኮና እስራኤል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ቅድመ ሁኔታ አለባቸው። ገንዘቡ በአሜሪካ ላለው ቤተ ክርስቲያን ቢሰጥና ቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ውሳኔና ቁጥጥር ወደ አገር ቤት አብያተ ክርስቲያናት ቢልከው ይፈቀዳል። «ለእገሌ ደብር አድርሱልኝ» ተብሎ በአደራ የተሰጠው ግን ቤተ ክርስቲያኑን መልእክተኛ ብቻ ስለሚያደርገው አይቆጠርም።

አምስተኛው ለእንጀራው፣ ለወጡና ለመጠጡ በየሱቁ የወጣው ነው። ይህ የቤት ወጪ ነው፤ ያዘነ ሁሉ የበላበት ቢሆንም።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። ለእኛ ተዝካር ጸሎቱና ማዕዱ አንድ ላይ ነው። ድኻ ያልበላበት ተዝካር ጎደሎ ነው ይባላል፤ ዳቦውና ጠላው ሳይባረክ አይቀመስም። ሕጉ ግን በመካከሉ ገብቶ ይህ የሰማይ፣ ይህ የገበያ ብሎ ይከፍለዋል። ቅር የሚያሰኝ አከፋፈል ቢሆንም ክፋት ያለበት አይደለም፤ መንግሥት ከጸሎቱ እጁን ያነሣው ሊተምነው የሚችለውን ብቻ በመተመን ነው።

በአገራችን ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሣም። የደመወዝተኛው ግብር ደመወዙ ከእጁ ሳይደርስ ይነሣል፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ ብሎ የሚያስቀንስበት መንገድ የለውም። ነጋዴውን በሚመለከት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠን ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ ከመቶ 10 ድረስ ሲፈቅድ፣ በዐይኑ ያየው የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን፣ እንዲሁም መንግሥት ለአደጋ ጊዜ የሚያደርገውን ጥሪ ነው። የሃይማኖት ተቋማትና ዕድሮች ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ከወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ውጭ ናቸው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ተዝካር ያወጣ ሰው ደረሰኝ የሚይዘው ለሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ነው እንጂ ለገቢዎች ቢሮ ብሎ አይደለም።

በአክስቴ ቤት ግን በዚያች ደረሰኝ ምክንያት ጠብ ሊነሣ ተቃርቦ ነበር። ልጇ ሕግ የፈቀደውን መተው ሞኝነት ነው ባይ ነው። ሥራው ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሰጠውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል፤ ከሙዳየ ምጽዋት የጣለው ጥሬ ገንዘብ ብቻ መዝገብ ስለሌለው ይተወዋል፤ ሕጉም ከ2007 ወዲህ ማስረጃ የሌለውን ጥሬ ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አይቀበልም። እናቱ በበኩሏ «የአባትህን ተዝካር ከመንግሥት ጋር ልትካፈለው ነው?» አለችው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው እንዴት ከማመልከቻ ቅጽ ጋር ይስማማል የሚል ነው ክርክሯ። ነገሩ ለእኔ ቀርቦ ፍረድ በተባልሁ ጊዜ፣ ለልጁ ማድላቴን አልሸሽግም። ግብሩን የተወው መንግሥት ራሱ፣ በሕጉ አደባባይ፣ ለሁሉም ነው፤ ለዚህ ሲባል ፍትሐቱ አይጎድልም። ኃጢአት የሚሆነው አዳራሹን ፍትሐት ብሎ መጻፍ ነበር፤ ይህንም አላደረገም። አክስቴ ግን በፍርዴ አልተደሰተችም፤ «አንተም እንደ እርሱ ወረቀት ታያለህ» ብላ ስልኩን ለልጇ አቀበለችው።

የግብር ማስታወቂያው የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 7 ቀን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ይህ ቀን የዋለው በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነው። ሁሉም ሲሰግድ ውሎ ማታ ልጁ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ሒሳቡን ሠራ። ያን ያህል የተከራከሩበት 700 ዶላር አንዲት ሳንቲም አላስቀረም። ምክንያቱም ቀላል ነው። የአሜሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ያለ ምንም ማስረጃ የሚቀነስ ቁርጥ ልክ ይሰጣል። ይህ ልክ ከ2018 ወዲህ እጅግ ከፍ ብሎ፣ ባልና ሚስት ሆነው ለሚያስታውቁ ለ2024 የግብር ዘመን 29,200 ዶላር ደርሶ ነበር። ስጦታውን በዝርዝር መጻፍ የሚጠቅመው የቤት ዕዳ ወለዱ፣ የክፍለ ግዛት ግብሩና ስጦታው ሁሉ ተደምሮ ከዚያ ሲበልጥ ነው። ከ10 ግብር ከፋዮች 9ኙ ያህል ቁርጡን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። እርሱና ሚስቱም ከዘጠኙ ወገን ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ሕግ ግን፣ ከ2026 የግብር ዘመን ጀምሮ፣ ቁርጡን የሚወስዱትም ለአብያተ ክርስቲያናትና መሰል ድርጅቶች በጥሬ ገንዘብ ወይም በቼክ ከሰጡት ላይ ነጠላ ሰው እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ተጨማሪ እንዲቀንሱ ተፈቅዷል። በዝርዝር ለሚጽፉት በአንጻሩ ከገቢያቸው የመቶ ግማሽ እጅ የሚሆነው የስጦታ ክፍል ሳይቀነስ ይቀራል። እንግዲህ ደረሰኙን ሲጥሉ የነበሩ ቤተሰቦች ሊይዙት የሚገባበት ጊዜ መጥቷል፤ በተለይም 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ላለው፣ ማስታወቂያው ከመቅረቡ በፊት ማረጋገጫው በእጅ መሆን አለበት። ዘግይቶ የተጻፈ ወረቀት አይረዳም።

በሙት ዓመቱ ልጁ ለቅዳሴውና ለፍትሐቱ አንድ ቼክ፣ ለአዳራሹ ሌላ ቼክ ቈረጠ። ለካህኑ የሚሰጠውን ግን አክስቴ ማንንም ሳታማክር እንደ ቀድሞው በፖስታ አሽጋ፣ እጅ ነሥታ ሰጠች። ወደ ቡልጋም እንደ ቀድሞው በዘመድ እጅ ላከች። ለዚህኛው ደረሰኝ የላትም። የመጣላት በስልክ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ነፋሱ እየነፈሰ፣ የአጥቢያው ካህናት የባሏን የክርስትና ስም ሲጠሩ ይሰማበታል።